የከብቶች የዘር ልዩነትና በሽታን የመቋቋም ችሎታ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ክረምት ገብቶ መስኩ ሲረጥብ፣ መዥገርና ዝንብ ሲበዛ፣ በዳንግላና በአካባቢው ቀበሌዎች ለሚሠራ የልማት ሠራተኛ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብለታል። ሁለት ላሞች በአንድ መስክ ይውላሉ፤ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ በአንድ በረት ያድራሉ። አንዷ ትከሳለች፣ ፀጉሯ ይቆማል፣ ወተቷ ይነጥፋል፤ ሌላዋ ግን እንደ ወትሮው ትግጣለች። ይህ ለምን ይሆናል? ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ «ዕድል ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ነገሩ ግን ዕድል ብቻ አይደለም። ከብቶች በቀለማቸው፣ በቀንዳቸውና በወተታቸው እንደሚለያዩ ሁሉ በሽታን በመከላከል ችሎታቸውም ይለያያሉ። ከዚህም ልዩነት አንዱ ክፍል ከአባትና ከእናት የሚወረስ ነው። የሚወረስ ከሆነ ደግሞ ተመርጦ ሊጠበቅ፣ ሳይታወቅም ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ማወቅ በተለይ በዚህ ጊዜ ያስፈልጋል። ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በመሆኗ ወተት ገበያ አለው። ስለዚህም ብዙ ቤተሰብ የሀገር ላሞቹን ሸጦ፣ አንዳንዱም የእርሻ በሬውን ጨምሮ፣ አንዲት የተዳቀለች ጊደር ለመግዛት ያስባል። ጊደሯ ከሞተች ቤቱ ወተቱንም እርሻውንም ባንድ ጊዜ ያጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለወተት ብለን የፈረንጅ ዝርያ ደም ስናስገባ የሀገሩ ላም ይዛው የኖረችውን የመከላከል ኃይል እንዳንጥል መንገዱን ማመልከት ነው።

1. ከብት በሽታን የሚከላከለው እንዴት ነው?

ለማስረዳት እንዲቀለን ከብት በሦስት አጥር ይጠበቃል እንበል።

1ኛ/ የመጀመሪያው አጥር ቆዳ፣ ፀጉር፣ እንዲሁም የአፍንጫና የአንጀት የውስጥ ሽፋን ነው። ፀጉሩ አጭርና ልሙጥ የሆነ፣ ራሱን በምላሱ የሚያጸዳና ዝንብን በጅራቱ የሚከላከል ከብት የሚጣበቅበት መዥገር ያነሰ ነው።

2ኛ/ ሁለተኛው አጥር በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ማንኛውንም እንግዳ ተዋሲ ሳይለዩ እየዋጡ ያጠፋሉ። በሰዓታት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ፤ ትናንት ያጠፉትን ግን ዛሬ አያስታውሱም።

3ኛ/ ሦስተኛው አጥር ለይቶ የሚዋጋው ነው። ይህ ክፍል ተዋሲውን ለይቶ ለማወቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። አንድ ጊዜ ካወቀው በኋላ ግን ያስታውሰዋል። በደም ውስጥ የሚገኙትን ጸረ አካላት የሚሠራው ይህ ክፍል ነው። ክትባት የሚጠቅመውም ይህንኑ አጥር አስቀድሞ ስለሚያስተምር ነው።

2. ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ከብት 30 ጥንድ ክሮሞሶሞች አሉት። ጥጃው ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወስዳል። በክሮሞሶሞቹ ላይ የተደረደሩት ጂኖች የሦስቱም አጥሮች ማሠሪያ ትእዛዞች ናቸው። ትእዛዙ ከከብት ከብት በጥቂቱ ስለሚለያይ አጥሩም ይለያያል።

በዚህ ረገድ በደንብ የተጠናው፣ በ23ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘውና በሳይንስ ቋንቋ ቦላ የሚባለው የጂን ቡድን ነው። ሥራውን እንደሚከተለው መግለጽ ይቻላል። ነጩ የደም ሕዋስ የዋጠውን ተዋሲ ቆራርጦ ቁራሹን በውጭ ገጹ ላይ ለሌሎች ተዋጊ ሕዋሳት ያሳያል። ቁራሹን ይዘው የሚያሳዩት እነዚህ ጂኖች የሚሠሯቸው መያዣዎች ናቸው። መያዣውን እንደ እጅ መዳፍ ብናስበው፣ አንዱ መዳፍ አጥብቆ የሚጨብጠውን ሌላው አይጨብጠውም። ቁራሹን በደንብ የሚጨብጥ መዳፍ የሌላት ላም ጠላቷን ዘግይታ ታውቃለች፤ ወይም ጨርሶ አታውቅም።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ከአባትና ከእናት የተለያየ ዓይነት መዳፍ የወረሰ ጥጃ ብዙ ዓይነት ተዋሲ መያዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ መንደሩ ሁሉ በአንድ ኮርማ ብቻ ሲጠቃ፣ ኮርማውም የራሱን ሴት ልጆች መልሶ ሲያጠቃ፣ የመዳፉ ዓይነት እያነሰ ይሄዳል። አዲስ በሽታ የገባ ዕለትም መንጋው በሙሉ በአንድ ደካማ ጎኑ ይመታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ እናስገነዝባለን። በሽታን መቋቋም ሲባል ተዋሲው በሰውነት ውስጥ እንዳይራባ ማድረግ ነው። በሽታን መቻል ደግሞ ተዋሲው እያለም ሳይከሱና ምርት ሳይቀንሱ መኖር ነው። በሽታን የምትችል ላም ለባለቤቷ ትጠቅማለች፤ ለጎረቤት ከብት ግን የበሽታ ምንጭ ልትሆን ትችላለች። ከዚህም ሌላ አንዱን በሽታ የምትቋቋም ላም ሌላውንም ትቋቋማለች ማለት አይደለም።

3. በተግባር የታዩ ማስረጃዎች

ሀ/ የከብት ሳንባ ነቀርሳ

በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ በግጦሽ የሚኖሩ 5,424 ከብቶችን በቆዳ ምርመራ አወዳድሯል። ከእነዚህ ውስጥ 2,578 የሀገር ዘቡ፣ 1,921 ዲቃላ፣ 925 ደግሞ ሆልስታይን ነበሩ። በሽታው የተገኘባቸው ከሆልስታይኖቹ 22.2 ከመቶ፣ ከሀገር ከብቶቹ 11.6 ከመቶ፣ ከዲቃሎቹ 11.9 ከመቶ ናቸው። ታርደው ሲመረመሩም በሆልስታይኖቹ አካል ላይ የታየው ጉዳት ከሀገር ከብቶቹ የከፋ ነበር።

ቁጥሮቹን ረጋ ብለን እንመልከታቸው። ንጹሕ የፈረንጅ ከብቶች በበሽታው የተያዙት ከሀገሩ ከብቶች በእጥፍ ገደማ ነው። ዲቃሎቹ ግን ከሀገሩ ከብቶች እምብዛም አልራቁም። ሁሉም በግጦሽ ስለሚኖሩ ልዩነቱን በበረት መጣበብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሆኖም የሀገር ላም ፈጽሞ አትያዝም ማለት አይደለም። ከመቶ አሥራ አንዱ መያዙ ቀላል አይደለም።

አያያዝ ሲከፋ ደግሞ ችግሩ ይባባሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚገኙ 88 የወተት ከብት እርባታዎች 2,956 ከብቶች ተመርምረው 30 ከመቶ ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ጊደር ከሩቅ ለማስመጣት የሚያስብ ማኅበር ይህን ቁጥር ማስታወስ ይኖርበታል።

ለ/ ገንዲ

ገንዲን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ከአዊ በስተምዕራብ በጃዊና በመተከል ቆላዎች ትገኛለች። ከገንዲ ተዋሲዎች አንዱ ግን በሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ስለሚተላለፍ በጣና ዙሪያ እስከሚገኘው ደጋ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ የዳንግላ ገበሬ «ገንዲ የቆላ ነው» ብሎ መዘናጋት የለበትም።

በሽታው የሚገድለው በዋናነት ደምን በማሳነስ ነው። ሆኖም ለብዙ ትውልድ ከዝንቧ ጋር የኖሩ ዝርያዎች ችለውታል። በምዕራብ አፍሪካ ንዳማ የሚባለው ዝርያ በዚህ የታወቀ ነው። በሀገራችን ደግሞ በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የሸኮ ዝርያ አለ። በጊቤ ሸለቆ አራት የሀገራችን ዝርያዎች፣ ማለትም ሸኮ፣ ሆሮ፣ አቢጋርና ጉራጌ፣ በአንድ አካባቢ ተይዘው ለተፈጥሮ ገንዲ ተጋልጠው ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ተዋሲው በሸኮ ከብቶች የተገኘው 9 ከመቶ ሲሆን በሌሎቹ ሦስቱ ከ20 ከመቶ በላይ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሁሉም የሀገር ከብት አንድ እንዳልሆነ ነው። ሆሮና አቢጋርም የሀገር ዝርያዎች ናቸው፤ ሆኖም እንደ ሸኮ አልቻሉም። እያንዳንዱ ዝርያ ጎልቶ የሚቋቋመው አብሮት የኖረውን በሽታ ነው። የጣና ዳርቻው የፎገራ ከብት ረግረግ፣ ተናካሽ ዝንብና የጉበት ትል ባለበት ሜዳ ኖሯል። በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና በአዊ ዞን በጓንጓ ወረዳ የሚገኘው የመተከል እርባታ ጣቢያ በዚህ ዝርያ ላይ ሲሠሩ የቆዩትም ዋጋውን በመረዳት ነው።

ሐ/ መዥገርና የቆዳ በሽታ

ሻኛ ያላቸው ከብቶች መዥገርን ከአውሮፓ ዝርያዎች በተሻለ እንደሚቋቋሙ በብዙ አገር ታይቷል። በክረምት በመዥገር ከሚባባሱት አንዱ ደርማቶፊሎሲስ የሚባለው፣ ቆዳን በወፍራም ቅርፊት የሚሸፍነው በሽታ ነው። የፈረንጅ ደም የበዛባቸው ላሞች በዚህ በሽታ ክፉኛ ይጎዳሉ።

በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በማርቲኒክ ደሴት ተመራማሪዎች ለዚህ በሽታ የሚያጋልጠውን የቦላ ጂን ዓይነት በብራህማን ከብቶች ላይ ለዩ። ያንን ጂን የተሸከሙትን ከእርባታ በማስወጣት ብቻ በአምስት ዓመት ውስጥ የበሽታው መጠን ከ76 ከመቶ ወደ 2 ከመቶ ወረደ። ለዳንግላ ገበሬ የደም ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ትምህርቱ ግን ቅርብ ነው። ልዩነቱ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ በከብትና በከብት መካከል አለ፤ ከመረጥነውም ውጤቱ በጥቂት ዓመታት ይታያል።

4. ዘር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

ከዚህ በላይ የተገለጸውን አንብቦ «የሀገር ላም ካለኝ ክትባት አያሻኝም» የሚል ቢኖር ታሪክ ይመልስለታል። የደስታ በሽታ በ1887 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል ወደ ሀገራችን ገባ። ከአሥር ከብት ዘጠኙን ገደማ እንደፈጀ ይነገራል። በሬ አለቀ፤ መሬት ጦም አደረ፤ እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የዘለቀው ክፉ ቀን መጣ። ያን ጊዜ የሞቱት ሁሉ የሀገር ከብቶች ነበሩ። ከመዥገርና ከድርቅ ጋር የኖሩ ቢሆንም ይህን ተዋሲ አያውቁትም ነበር።

ደስታን ያጠፋው ዝርያ ሳይሆን ክትባትና ክትትል ነው። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከደስታ ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እንግዲህ ዘርና ክትባት አንዱ ሌላውን የሚተኩ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ ናቸው። በተከተበ መንጋ ውስጥም አንዳንዷ ላም በዘሯ ምክንያት ክትባቱን ደከም አድርጋ ትቀበላለች፤ እርሷን የሚጠብቃት የሌሎቹ መከተብ ነው።

5. በቀበሌያችን ምን እናድርግ?

1ኛ/ የደሙን መጠን ከአቅም ጋር ማመዛዘን። ላሞቹን አስግጦ ለሚያድር ቤት ግማሽ ደም የያዘች ዲቃላ ትሻለዋለች። የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ከሁለት የተራራቁ ወገኖች ስለምትወለድ ጥንካሬም ወተትም ይኖራታል። ዲቃላን ከዲቃላ ማዳቀል ከዚህ ጥንካሬ ከፊሉን ይቀንሳል። የፈረንጅ ደም ደጋግሞ መጨመር ደግሞ በቂ መኖ፣ ንጹሕ በረትና ቅርብ ሐኪም ለሌለው ቤት አደጋ ነው። አዳቃይ ቴክኒሽያኑም የላሟን አባት ሳይጠይቅ እንዳያዳቅል ማኅበሩ ያሳስብ።

2ኛ/ ምርጡን ወይፈን ሳይወልድ አለመቀጥቀጥ። ይህ በአካባቢያችን በሰፊው የሚታይ ስሕተት ነው። ጠንካራውና በሽታ የማይደፍረው ወይፈን ለእርሻ ተብሎ ቶሎ ይቀጠቀጣል ወይም ለሥጋ ይሸጣል፤ ላሞቹን የሚያጠቃው ማንም ያልፈለገው ቀሪው ይሆናል። እንዲህ እያደረግን በየዓመቱ የምንመርጠው ደካማውን ነው። ማኅበሩ ከየጎጡ አንድ ሁለት ምርጥ ወይፈኖች ለይቶ ለባለቤቶቹ ካሳ እየሰጠ ለኮርማነት ያቆይ።

3ኛ/ ኮርማ መለዋወጥ። ኮርማው ሴት ልጆቹ ለጥቂ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ሌላ ጎጥ ይተላለፍ። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ለዚህ አመቺ ጊዜ ነው።

4ኛ/ እንገርን ለጥጃው ማስቀደም። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ ከእናቱ የተላለፈ ጸረ አካል የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ይህን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ በስድስት ሰዓት ውስጥ ጠግቦ ይጥባ። እንገር ለቤተሰብ የሚጥም ምግብ መሆኑን እናውቃለን፤ የሰው ድርሻ ግን ጥጃው ከጠገበ በኋላ የሚተርፈው ነው። የዘሩ ምርጥነት እንገር ላላገኘ ጥጃ አይደርስለትም።

5ኛ/ ሁሉንም ማስከተብ። ለአባ ሰንጋ፣ ለአባ ጎርባ፣ ለጎሮርሳና ለጉርብርብ የሚሰጠው ክትባት ለዲቃላዎቹ ብቻ ሳይሆን ለሀገሩ ከብቶችም ነው። የከሳና የተራበ ከብት ክትባቱን በደንብ ስለማይቀበል በክትባት ወቅት መኖ መጨመር ይጠቅማል።

6ኛ/ ዲቃላ ላም ወደ ቆላ አለማውረድ። የሀገር ከብት ማውረድ ግዴታ ከሆነም ሲመለስ ደሙ ይመርመር። የገንዲ መድኃኒት በክብደት ተመዝኖ በባለሙያ ይሰጥ፤ መጠኑን ማሳነስ ተዋሲው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል።

7ኛ/ ከመግዛት በፊት ማስመርመር። ጊደር ስትገዛ የነቀርሳ ምርመራ ይደረግላት። ወተት ደግሞ ከየትኛዋም ላም ቢታለብ ተፈልቶ ይጠጣ፤ በሽታው በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋልና።

6. መዝገብ መያዝ

ምርጫ ያለ መዝገብ ግምት ነው። ኖርዌይ የላሞቿን ሕክምና በአገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1975 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከ1978 ጀምሮ የጡት በሽታን በኮርማ ምርጫ ውስጥ አስገብታለች። የተሠራበት መሣሪያ በእያንዳንዷ ላም ስም የተያዘ ካርድ ነው። ይህ ለእኛም አይከብድም። አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል። የሚመዘገቡትም የላሟ ስም፣ የአባቷና የእናቷ ስም፣ የታመመችበት ቀን፣ የበሽታው ዓይነት፣ የታከመችበት ብዛት፣ በክረምት አጋማሽ በጡቷና በጭኗ ላይ የተቆጠረ መዥገር፣ እንዲሁም የቀን ወተቷ ናቸው።

ለማስረዳት ያህል ሦስት ላሞች እንውሰድ። ቡሬ በቀን ሦስት ሊትር ትታለባለች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን አራት ጊዜ ታክማለች። ዳለቻ ሁለት ተኩል ትታለባለች፤ የታከመችው አንድ ጊዜ ነው። ቀዮ አንድም ጊዜ አልታከመችም፤ ነገር ግን ታስራ ስለምትቀለብ መስክ ወጥታ አታውቅም። የትኛዋን ለዘር እንምረጥ? ቀዮ ለበሽታው ስላልተጋለጠች ጠንካራ ናት ብለን ልንፈርድ አንችልም። በአንድ መስክ የዋሉትን ቡሬንና ዳለቻን ስናወዳድር፣ ለመድኃኒት የወጣው ገንዘብና በሕክምና ወቅት የተደፋው ወተት ሲቀነስ ዳለቻ ትበልጣለች። የዳለቻ ወይፈን ለኮርማነት ይታሰብ። አንዲት ላም ግን ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም፤ እናቷ፣ እህቶቿና ልጆቿም አብረው ይታዩ።

ማጠቃለያ

የዳንግላ ገበሬ አባቶች ጂን የሚባል ሳያውቁ፣ ክፉውን ክረምት ያለፈችውን ላም ዘር በማቆየት ለእኛ አስተላልፈዋል። ይህ ሀብት በገበያ አይገዛም፤ አንዴ ከጠፋም መልሶ ለማግኘት ብዙ ትውልድ ይፈጃል። የፈረንጅ ደም ወተት ይጨምራል፤ ይህን አንቃወምም። የምንለው ወተቱን የምትሰጠው ላም ክረምቱን መውጣት አለባት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀበሌ የተመረጠ የሀገር ኮርማ ይቆይ፣ ደብተር ይከፈት፣ ክትባት አይታለፍ።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ባለፈው ክረምት ብዙ ጊዜ የታከሙት ላሞች የየትኛው ኮርማ ልጆች ናቸው?
2. ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተቀጠቀጡት ወይፈኖች መካከል ለዘር ሊቀሩ ይገባቸው የነበሩት የትኞቹ ናቸው? ለምን?
3. በሽታን በምትቋቋም ላምና በሽታን በምትችል ላም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ለጎረቤት የምታሰጋው የትኛዋ ናት?
4. ማኅበራችሁ ጊደሮች ቢገዛ ከሻጩ ምን ምን ጥያቄዎችን መጠየቅ አለበት?
5. ምርጥ ወይፈኑን ለኮርማነት ላቆየ አባል ማኅበሩ ምን ዓይነት ካሳ ሊሰጥ ይችላል?